የዶሮና የዳክዬ ስጋ ስም ከሞንትሪያል እስከ ጋስኮኝ

ፈረንሳይኛ በሚነገርበት አገር ዶሮ የምትገዙ ከሆነ ይቺን ያዙ። የደረት ስጋው ሞንትሪያል ባለችበት የካናዳ ግዛት፣ ኩቤክ ውስጥ «ፕዋትሪን» ነው። ፈረንሳይ ግን «ብላን» ወይም «ፊሌ» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሬ መሆኑንም እዩ! «ብላን ደ ፑሌ» ለሳንድዊች በስሱ የተቆረጠ የበሰለ ስጋ ላይም ይጻፋል። የታችኛው እግር «ፒሎን»፣ ታፋው «ኦ ደ ኩዊስ» ነው፤ ይሄ ሁለቱም ጋ ያስኬዳል።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ወደ ጋስኮኝ ስትወርዱ ነገሩ ሁሉ ዳክዬ ይሆናል። «ማግሬ» ማለት ለፎዋ ግራ (ለሰባ ጉበቱ) ተቀልቦ የደለበ ዳክዬ ደረት ነው። ስቡ ወፍራም ስለሆነ ቆዳውን በቢላ ጫር ጫር አድርጉና በቆዳው በኩል ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ እሳቱን ለኩሱ። ዘይት አያስፈልገውም። «ደሞዋዜል» የሚሉት ደግሞ ደረቱና እግሩ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አጥንት ነው። ፍም ላይ ጠብሰው ይግጡታል፤ ካገኛችሁ እንዳታልፉት።