በተሽከርካሪ ጣሪያ ላይ ያለ የኢንተርኔት ዲሽ ቴሌቪዥንም እንዲቀበል ሲደረግ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በሞተር ተነሥቶ ራሱን ወደ ሳተላይት የሚያቀና የኢንተርኔት ዲሽ በተሽከርካሪያቸው ጣሪያ ላይ ያስተከሉ ሰዎች፣ ውሎ ሲያድር በዚያው ዲሽ ቴሌቪዥን ማየት ይፈልጋሉ። ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ በአብዛኛው ጊዜም በኢንተርኔቱ መቀበያ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ኤልኤንቢ (ዲሹ የሰበሰበውን ሞገድ ተቀብሎ በኬብል ወደ ሪሲቨሩ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) በማሰር ሊሳካ ይችላል። ይሁን እንጂ የቴሌቪዥን ዲሽ የሚቀበል ብቻ ሲሆን የኢንተርኔቱ ዲሽ ግን ወደ ሳተላይት የሚልክም መሣሪያ ነው። የቴሌቪዥን ዲሽ ጥቂት ቢዛነፍ የሚጎዳው የባለቤቱ ምስል ብቻ ነው፤ የኢንተርኔቱ ዲሽ ቢዛነፍ ግን የሚልከው ሞገድ በጎረቤት ሳተላይት የሚጠቀሙ ሌሎች ሰዎችን ይረብሻል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መፍትሄዎች ሁሉ በአንድ ደንብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ዲሹ የሚቀናው ለኢንተርኔቱ ብቻ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የሚስተካከለው ደግሞ የራሱን ኤልኤንቢ በማንቀሳቀስ ነው። ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ይህን ደንብ ከመዘንጋት የመጡ ናቸው።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሞገዱን ሰብስቦ በክንዱ ጫፍ ወዳለው መቀበያ የሚመልሰውን ጎድጓዳ ዲሽ ነው። በዝቅተኛ ምህዋር የሚዞሩ ሳተላይቶችን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚከታተለው ጠፍጣፋ ዲሽ ኤልኤንቢ የሚታሰርበት ቦታ ስለሌለው፣ የእንዲህ ያለ ዲሽ ባለቤት ለቴሌቪዥን የተለየ ዲሽ ከማዘጋጀት በስተቀር አማራጭ የለውም። ሁለተኛው፣ በመቀበያው አካባቢ እጅ ከማስገባት በፊት የሞደሙንና የማስተላለፊያውን ኃይል ማጥፋት የግድ ነው። ማስተላለፊያው በሥራ ላይ ሳለ በመቀበያውና በዲሹ መካከል መቆምም ሆነ ፊትን ማስጠጋት አደገኛ ነው፤ በራሱ የሚንቀሳቀስ ዲሽ ሳይታሰብ ተነሥቶ እጅ ሊቆነጥጥ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ሪሲቨሩ ጥንካሬ ያሳያል፣ ጥራቱ ግን ዜሮ ነው

ይህ አዲስ ኤልኤንቢ በታሰረ ዕለት የሚታይ ችግር ነው። የጥንካሬው መስመር ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ኤልኤንቢው ኃይል ማግኘቱንና ኬብሉ አለመቋረጡን ብቻ ነው፤ ሳተላይቱ መገኘቱን የሚመሰክረው ጥራት የሚለው መስመር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ኬብሉን ትቶ የኤልኤንቢውን ቦታ መመርመር ይሻላል።

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ኤልኤንቢውን በተቃራኒው ጎን ማሰር ነው። ዲሽ እንደ መስታወት ስለሚሠራ፣ ከበስተቀኝ የሚመጣ ሞገድ ወደ ግራ፣ ከላይ የሚመጣውም ወደ ታች ይመለሳል። ከዲሹ ጀርባ ቆመው ወደ ሰማይ ሲመለከቱ የቴሌቪዥኑ ሳተላይት ከኢንተርኔቱ በስተቀኝ ከሆነ፣ ኤልኤንቢው የሚታሰረው ከኢንተርኔቱ መቀበያ በስተግራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የርቀት ጉዳይ ነው። ከዲሹ እስከ መቀበያው ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ዲሽ ላይ፣ በሁለቱ ሳተላይቶች መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ኤልኤንቢው በግምት 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን መራቅ አለበት። ሳተላይቶቹ በኬንትሮስ 6 ዲግሪ ቢራራቁ፣ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ከምድር ገጽ ሲታዩ ከኬንትሮስ ልዩነታቸው በጥቂቱ የበለጠ የተራራቁ ይመስላሉ፤ በአናታችን ትክክል ሲሆኑ 6 ዲግሪው ወደ 7 ይጠጋል። የተለመደው ኤልኤንቢ ራሱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ ከዚህ ይበልጥ ተቀራርበው ለሚገኙ ሳተላይቶች አፉ ቀጠን ያለ ኤልኤንቢ መፈለግ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ኤልኤንቢው ከመካከሉ እየራቀ በሄደ መጠን የሚሰበስበው ኃይል ስለሚቀንስ፣ ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ በ75 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ላይ መድከም ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። ያን ጊዜ ሌላ ትንሽ ዲሽ መትከል፣ ወይም መቆጣጠሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ማስተላለፊያውን ዘግቶ ዲሹን በሙሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳተላይት ማዞር ይቻላል፤ በሁለተኛው መንገድ ግን ቴሌቪዥን እየታየ ኢንተርኔት የለም።

ቦታው ትክክል ሆኖም ጥራቱ ካልመጣ፣ በሪሲቨሩ ላይ የተሞላውን የኤልኤንቢ ፍሪኩዌንሲ መመልከት ይገባል። ዩኒቨርሳል የሚባለው ኤልኤንቢ 9750 እና 10600 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በአሜሪካ አህጉር ለቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት የሚውለው 11250፣ እዚያው በሊኒየር ፖላራይዜሽን (ፖላራይዜሽን ሞገዱ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ነው፤ ሊኒየር ሲባል በአንድ ቀጥተኛ መስመር የሚርገበገብ ማለት ነው) ለሚሠራው የተለመደው ደግሞ 10750 ነው። ቁጥሩ በኤልኤንቢው ጀርባ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በሪሲቨሩ ላይ ያለው ከዚያ ከተለየ ዲሹ ምንም ያህል ቢቀና ቻናል አይገኝም።

ግማሾቹ ቻናሎች ይመጣሉ፣ ግማሾቹ አይመጡም

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአቅጣጫ አይደለም። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው በኬብሉ በኩል ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይልካል፤ በ13 ቮልት ቨርቲካል (ሞገዳቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚርገበገብ)፣ በ18 ቮልት ሆሪዞንታል (ወደ ጎን የሚርገበገብ) ቻናሎችን ያስመርጣል፣ ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ከሆነም በ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ወደ ላይኛው የፍሪኩዌንሲ ክፍል ያሻግረዋል። የጠፉት ሁሉ ሆሪዞንታል ከሆኑ 18 ቮልቱ በመንገድ ላይ ቀንሶ ደርሷል ማለት ነው፤ ምክንያቱም ቀጭን ወይም ረጅም ኬብል፣ የዛገ ኮኔክተር፣ አንዳንዴም በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ሪሲቨር የተሽከርካሪው ባትሪ ሲደክም የሚልከው ኃይል ማነሱ ነው። ጥፋቱ የባትሪው ይሁን የኬብሉ ለመለየት የተሽከርካሪውን ሞተር አስነሥቶ መሞከር ፈጣኑ መንገድ ነው። የጠፉት የላይኛው ክፍል ቻናሎች ከሆኑ ደግሞ የ22 ኪሎኸርዙ ትእዛዝ መብራቱን፣ በመካከል ያለ ስዊችም ምልክቱን የሚያሳልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ከዚህ የሚለየው፣ ሁሉም ቻናሎች ደካማ ሆነው አንዳንዶቹ ጭራሽ ሲጠፉ ነው። ሳተላይቱ በሰርኩላር ፖላራይዜሽን (ሞገዱ እየተሽከረከረ በሚሄድበት ዓይነት) የሚያሰራጭ ሆኖ ሳለ ለሊኒየር የተሠራ ኤልኤንቢ ከተገጠመ፣ የኃይሉ ግማሽ ይጠፋል፤ ሁለቱ ፖላራይዜሽኖችም ተደባልቀው ይገቡና እርስ በርስ ይጋረዳሉ። መፍትሄው ኤልኤንቢውን መለወጥ ነው፤ ማጠማዘዝ አይረዳም።

በተተከለበት ቦታ ይሠራ ነበር፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ ጠፋ

ሰዎችን ከሁሉ የሚያደናግረው ይህ ነው፤ ኢንተርኔቱ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ኤልኤንቢው አልተነካም፣ ቴሌቪዥኑ ግን የለም። ብዙዎች ኤልኤንቢው ተቃጠለ ብለው ይለውጡታል፤ አዲሱም አይሠራም።

ሳተላይቶቹ የተደረደሩበት ቅስት ከየቦታው ሲታይ ዝንባሌው ይለያያል። የዝንባሌው ማዕዘን የሚወሰነው ተሽከርካሪው ባለበት ኬክሮስና በቦታው ኬንትሮስ ከሳተላይቱ ኬንትሮስ ባለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በ40 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ቅስቱ 22 ዲግሪ ያህል ይዘነበላል፤ በ10 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን 63 ዲግሪ ያህል ስለሚዘነበል ሳተላይቶቹ ጎን ለጎን ከመሆን ይልቅ አንዱ ከሌላው በላይ የቆሙ ይመስላሉ። ከኢንተርኔቱ መቀበያ 6.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ የታሰረ ኤልኤንቢ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ መዛወር ነበረበት። የ75 ሴንቲ ሜትር ዲሽ የእይታ ስፋት ከ2 ዲግሪ ጥቂት ቢበልጥ ስለሆነ፣ ሳይዛወር የቀረው ኤልኤንቢ ከሳተላይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል።

መፍትሄው በዲሹ አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ፖላራይዜሽኑን ለማስተካከል ዲሹን ከነክንዱ በሙሉ የሚያዞር ዓይነት ከሆነ፣ በክንዱ ላይ የታሰረው ኤልኤንቢ አብሮ ስለሚዞር ችግሩ ከሥሩ አይነሣም ማለት ይቻላል። ዲሹ ቆሞ መቀበያው ብቻ የሚዞር ከሆነ ግን የኤልኤንቢው ማሰሪያ በክንዱ ላይ መሆን የለበትም። የሚዞረው ክፍል ጭነቱን የሚችል ከሆነ ማሰሪያውን በዚያ ላይ ማድረግ ይመረጣል፤ ካልቻለ ደግሞ በመቀበያው ዙሪያ በእጅ የሚንሸራተት፣ ማዕዘኖች የተሰመሩበት ማሰሪያ አዘጋጅቶ በየማረፊያው ወደ አዲሱ ማዕዘን ማዛወር ነው። እኔ በእጅ የሚስተካከለውን እመርጣለሁ፤ ትንሿን የማዞሪያ ሞተር ባልተሠራችበት ክብደት ማድከም የኢንተርኔቱን ፖላራይዜሽን ለጥፋት ያጋልጣልና።

ፋይል ሲላክ ምስሉ ይቆራረጣል

ቴሌቪዥኑ ደህና ቆይቶ ሞደሙ መረጃ ሲልክ ብቻ ምስሉ ከተሰባበረ፣ ምክንያቱ ማስተላለፊያው ነው። በኬዩ ባንድ የሚልክ ዲሽ ከ14.0 እስከ 14.5 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ሲልክ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠው የቴሌቪዥን ኤልኤንቢ ደግሞ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ እጅግ ደካማ ሞገድ ለመስማት ይሞክራል። ፍሪኩዌንሲያቸው ቢለያይም የማስተላለፊያው ኃይል ኤልኤንቢውን ያደነቁረዋል። የኢንተርኔቱ ኤልኤንቢ ከዚህ የሚጠበቀው ከፊቱ ባለው ማጣሪያ ነው፤ ተራው የቴሌቪዥን ኤልኤንቢ ግን አፉ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ማጣሪያ የሚገባበት መጋጠሚያ የለውም። አፉ የሚነቀል፣ በብሎን የሚጋጠም ኤልኤንቢ ገዝቶ በመካከሉ ማጣሪያ ማስገባት ትክክለኛው መፍትሄ ነው። ያ ካልተገኘ፣ የቴሌቪዥኑን አፍ ከማስተላለፊያው አፍ ጥቂት ወደ ኋላ መሳብ ከጥራቱ ጥቂት ቢቀንስም መቆራረጡን ሊያስታግስ ይችላል።

ቴሌቪዥኑ ከተጨመረ በኋላ ኢንተርኔቱ ደከመ

መጀመሪያ መመርመር ያለበት የኬብሉ መስመር ነው። የኢንተርኔቱ ሳተላይት ራሱ ቴሌቪዥን የሚያሰራጭ ሆኖ መስመሩን በስፕሊተር የሚከፍሉ አሉ፤ ሞደሙም ሪሲቨሩም በአንድ ኬብል ቮልቴጅ ሲልኩ ትእዛዛቸው ይጋጫል፣ መሣሪያም ሊበላሽ ይችላል። ስፕሊተሩ በሞደሙ በኩል ብቻ ኃይል የሚያሳልፍ፣ በሪሲቨሩ በኩል ግን የሚዘጋ መሆን አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ሪሲቨሩ የሚያገኘው ሞደሙ የመረጠውን ፖላራይዜሽን ብቻ ነው። ማስተላለፊያው ያለበትን ኬብል ግን በምንም ምክንያት መክፈል አይገባም።

መስመሮቹ የተለያዩ ሆነው ኢንተርኔቱ ከደከመ፣ የተጨመረው ክብደት ክንዱን አጉብጦታል ወይም አዲሱ ማሰሪያ የመቀበያውን አፍ በከፊል ጋርዷል። ማሰሪያውን ማቅለል፣ ከዚያም ዲሹን እንደ አዲስ ማስቀናትና በአገልግሎት ሰጪው የቁጥጥር ማዕከል የማስተላለፊያውን ፖላራይዜሽን ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ይህን ፈተና መዝለል የለብንም፤ የተዛነፈ ማስተላለፊያ የሚያደርሰውን ጉዳት ባለቤቱ ከተቀመጠበት አያየውም፤ ሌሎች ግን ይጎዱበታል።

ዲሹ ሲታጠፍ መሐል ላይ ይቆማል

አዲሱ ኤልኤንቢ ወይም ኬብሉ ከጣሪያው ጋር እየተጋጨ፣ ሞተሩም ጭነት በዝቶበት መቆጣጠሪያው እያስቆመው ነው። ኤልኤንቢው በታሰረ ቁጥር፣ በጉዞ ምክንያት ማዕዘኑ በተለወጠም ቁጥር፣ አንድ ሰው ጣሪያው አጠገብ ቆሞ እያየ ሌላው ጣቱን ማቆሚያው ላይ አድርጎ ዲሹን በዝግታ ማጠፍ ይኖርበታል። ኬብሉም ዲሹ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሲዞር ሳይወጠር፣ ሲታጠፍም ሳይቆነጠጥ የሚደርስ ትርፍ ርዝመት ሊተውለት ይገባል።