«ልጎዳው አስቤ አይደለም» የማያድንበት ክስ

ሆን ብሎ የሌላውን ሰው አካል ወይም ነፃነት የነካ ሰው፣ ከወንጀል ክስ ሌላ በፍትሐብሔርም ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስህተቶቹ ግን ይመሳሰላሉ።

ትልቁ ስህተት ክፋት ከሌለ ተጠያቂነት የለም ብሎ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ለአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የተማሪዎች ጉዳይ ቀረበ። አንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ የሌላውን ቅልጥም በእግሩ መታ አደረገው። ምቱ ቀላል ነበር። የተመታው ግን እዚያው እግሩ ላይ የቆየ ጉዳት ስለነበረበት እግሩ ከጥቅም ውጪ ሆነ። መቺው ጉዳት አላሰበም። ፍርድ ቤቱ ግን ድርጊቱ ራሱ ሕገወጥ ከሆነ፣ ያልተገመተው ጉዳትም የአድራጊው ዕዳ ነው አለ። በ1955 ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ያነሳ ልጅን ጉዳይ አየ። ሊቀመጡ የነበሩ ሴት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ጥያቄው፣ ልጁ እንደሚቀመጡ በእርግጠኝነት ያውቅ ነበር ወይ የሚል ሆነ። ካወቀ፣ ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጠራል። ልጁ እኮ ገና የ5 ዓመት ልጅ ነበር!

ሁለተኛው ስህተት፣ አንዴ የተሰጠ ፈቃድ ለሁሉም ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። በ1905 በሚኒሶታ የታየው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታካሚዋ የፈቀዱት ለቀኝ ጆሯቸው ነበር፤ ሐኪሙ ግን ግራውን ቀዶ አከመ። ሥራው በጥሩ ሙያ ቢሠራም ከተጠያቂነት አላዳነውም።

ሰው አግተሃል ለሚል ክስ «በር አልቆለፍኩበትም» የሚለውም አያዋጣም። በማስፈራራት ብቻ ሰውን ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ይበቃል። በአንፃሩ አንድ መንገድ ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው፣ በ1845 የእንግሊዝ ዳኞች እንዳሉት፣ ሰውን ማገት አይደለም።

በወንጀል ነፃ የወጣ ሰው ካሳ አይጠየቅም ብሎ መተውም ስህተት ነው። ዝነኛው አሜሪካዊ ስፖርተኛ ኦ.ጄ. ሲምፕሰን በ1995 ከግድያ ክስ ነፃ ወጣ። በ1997 ግን የፍትሐብሔር ችሎት 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። በወንጀል ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በፍትሐብሔር ግን ሚዛን የደፋ ማስረጃ ይበቃል።

ራስን መከላከልም ገደብ አለው። ጥቃቱ ካበቃ በኋላ የሚሰነዘር ቡጢ በቀል ነው። የካሳ ክስም ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ አለው፤ ሽማግሌ እስኪያስታርቀን እያሉ ጊዜው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ነው።