ደረቅ ጨው መብራት የማያበራበት ምክንያት፣ በ9 ቮልት ባትሪ ሲፈተሽ

ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ባለ ሁለት እግር ትንሽ መብራት)፣ 330 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ክፍል)ና ጥቂት ሽቦ ያዘጋጁ። በተከታታይ ያገናኟቸውና ሁለት የሽቦ ጫፍ ክፍት ይተዉ። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይዙር፤ ከተገለበጠ አይበራም። ሬዚስተሩን አይዝለሉት፤ ቀይ ኤልኢዲ የሚበቃው 2 ቮልት ያህል ስለሆነ ያለ እሱ ይቃጠላል። ሁለቱን ጫፎች ሲያነካኩ ከበራ መፈተሻው ደርሷል። የግድግዳ ሶኬት ግን ለዚህ ሥራ በፍጹም አይሆንም።

በብረታ ብረት ይጀምሩ። የመዳብ ሽቦም ሚስማርም የአሉሚኒየም ፎይልም ያበራሉ፤ ኤሌክትሮኖቻቸው በአንድ አቶም ሳይታሰሩ ይዘዋወራሉና። «ይሄኛው አያስተላልፍም» ካሉ ጥፋቱ ላዩ ላይ ነው፦ ዝገት፣ ቀለም፣ ወይም ከሞተር በተፈታ የመዳብ ሽቦ ላይ ያለው ቫርኒሽ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ይድገሙት። ብረት ከመዳብ 6 እጥፍ ገደማ ቢቃወምም በዚህ መፈተሻ ልዩነቱ አይታይም፤ 330 ኦሙ ይውጠዋል።

አሁን ጨው። ጫፎቹን በ1 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ደረቅ ጨው ውስጥ ይሰኩ። አይበራም። የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖቹ ቻርጅ ያላቸው አቶሞች ቢሆኑም ክሪስታሉ ውስጥ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። የሚለቃቸው ሙቀት ወይም ውሃ ነው። ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ለቤት ውሃው ይሻላል፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ (ማዕድኑ የወጣለት) ውሃ አሟሙተው ጫፎቹን ሳያነካኩ ይንከሩ። ይበራል፤ ሲያራርቋቸው ይደክማል። የቧንቧ ውሃ በራሱ ማዕድን ስላለው ብቻውንም ትንሽ ሊያበራ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ ብርጭቆ ስኳር ይሞክሩ። ይሟሟል እንጂ ወደ አዮን ስለማይከፈል አያበራም። በተቃራኒው ለሆድ ራጅ የሚጠጣው ባሪየም ሰልፌት በኬሚስትሪ አጠራር ጨው ነው፤ ግን እምብዛም ስለማይሟሟ ለውሃው የሚሰጠው አዮን ከቁጥር አይገባም። ከዳናኪል የሚመጣ አሞሌ ካገኙ ደግሞ ደረቁን ፈትሸው አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉበት፤ እርጥቡ ቦታ ላይ ብቻ ያበራል።

ከጨው ውሃው የሚወጣው አረፋ ከኔጋቲቩ ጫፍ ሃይድሮጅን ነው፤ በፖዘቲቩ ክሎሪን ሊወጣ ይችላል፣ መዳቡም ይበላል። ስለዚህ መስኮት ከፍተው ከ10 ሰከንድ በላይ አያቆዩት። ውሃው ቀለም ካወጣ ይድፉትና የተበላውን የሽቦ ጫፍ ይቁረጡት።