ስብራቱ ድኖ ሕመሙ ሲቀር፦ የነርቭ ሕመም እንዴት ይታከማል?

በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ማልዶ የወጣን ሰው ሁሉ ብርዱ ጣቱን ይቆረጥመዋል። የእኔ ግን የተለየ ነበር። የእጄ ስብራት በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎ፣ በራጅ ታይቶ «ገጥሟል» ከተባለ ከአምስት ወር በኋላ የበርኖሴ ጫፍ አንጓዬን በነካው ቁጥር ሳማ እንደ ነካኝ ይለበልበኝ ነበር። ቤተ ዘመዱ «ብርድ ገብቶበት ነው» አለ፤ ወጌሻው ሊያሸኝ ተነሣ። ብርድ ሕመሙን ማባባሱ እውነት ነው፤ ያመጣው ግን እሱ አይደለም።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ። የስብራት ሕመም ሲጫኑት ይብሳል፣ ሲያሳርፉት ይቀላል። የነርቭ ሕመም ግን ቁጭ ባሉበትም ይመጣል፤ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ጉንዳን የወረረው ያህል ይርመሰመሳል። አንዱ ቦታ ደንዝዞ ሳለ አጠገቡ ጨርቅ አያስነካም። ምክንያቱ የተቆረጠ፣ የተጨፈለቀ ወይም በጠባሳ የታነቀ ነርቭ ነው። ነርቭ መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መንገዱን ከሳተም ጫፉ ተጠቅልሎ ሲነኩት የሚነዝር እብጠት ይሆናል። ከ3 ወር በላይ ሲቆይ አከርካሪና አንጎልም ሕመሙን ይለምዱታል፤ ሌባው ከሄደ በኋላ ሲጮኽ እንደሚያድር ውሻ። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱን የሚያመው በዚህ የተነሣ እንጂ አእምሮው ተነክቶ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በጀሶ ወይም በወጌሻ እስር ውስጥ ያለ እጅ ሕመሙ እየበረታ ሄዶ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከነጡ እስሩ በዚያው ሰዓት መፈታት፣ ታማሚውም ሆስፒታል መድረስ አለበት። እጁ ካበጠ፣ ቀለሙና ሙቀቱ ከሌላው ከተለየ ደግሞ አታሳሹት፤ ቶሎ ለሐኪም አሳዩት።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ማስታወሻ ያዙ። የሚያቃጥለውንና የደነዘዘውን ቦታ በእስክርቢቶ ቆዳችሁ ላይ ክበቡት፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅሳችሁም ጻፉ። «ያመኛል» ብቻ ያለ ሰው ዳይክሎፌናክ የተባለውን የተለመደ ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ይዤ ተመልሻለሁ። ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዳም፤ ሲዘወተር ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። የስኳር በሽታና የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትም ነርቭ ስለሚጎዱ ምርመራቸውን ጠይቁ።

የሚረዱት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊንና ዱሎክሴቲን ናቸው፤ ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ። አሚትሪፕቲሊን ለድብርትም ስለሚታዘዝ «እብድ አደረጉኝ እንዴ?» ብሎ የሚጥለው አለ። ለሕመም የሚጀመረው ግን በትንሹ ነው፤ ማታ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊ ግራም። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ውጤቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የልብ፣ የፕሮስቴት ወይም የዓይን ግፊት ችግር ያለበት አስቀድሞ ይናገር። ጋባፔንቲን በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር በራስ ፈቃድ መደረብ አደገኛ ነው። ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ፈጽሞ እንዲጠፋ የጠበቀ ሰው ደህናውን መድኃኒት ይጥላል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ቆዳዬን ማለማመዱ ነው። ቁስሉ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ5 ደቂቃ ያህል፣ ከማያመው ዳር ጀምራችሁ ወደሚያመው መካከል በጥጥ ዳብሱ። ጥጡ ሲለመድ ነጠላ፣ ከዚያ ጋቢ፣ በመጨረሻ የመንዝ በርኖስ። ሕመሙ ለሰዓታት ከተባባሰ አንድ ደረጃ ተመለሱ። እኔ ነጠላው ላይ ሦስት ሳምንት ቆሜያለሁ። እጁንም ጓዳ አታስቀምጡት፤ ሽንኩርት ይላጥበት፣ ቁልፍ ይቆለፍበት።

እግሩ ለተቆረጠ ሰው መስተዋት በሁለቱ እግሮች መካከል ይቆምለታል። ደህናውን እግር በመስተዋቱ እያየ በቀን 15 ደቂቃ ያህል ያንቀሳቅሰው፤ አንጎሉ የሌለው እግር የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል፣ ሕመሙም ለብዙዎች ይበርዳል። ለሁሉም አይሠራም።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ የከረመ «ተሻለኝ» ቢል አይገርምም። ደጋ የሚከርም ግን ይሸፋፈን እንጂ የደነዘዘ እግሩን ወደ ምድጃ አያስጠጋ፤ ሲቃጠል አይሰማውም። የሚታጠብበትንም ውሃ አስቀድሞ በደህናው እጁ ይሞክረው።