ትንሽ አገር ወክላችሁ ስትናገሩ፦ ከካርሎስ ሮሙሎ የተወሰደ መመሪያ

ለሞዴል ዩኤን ውድድር፣ ማለትም ተማሪዎች የተባበሩት መንግሥታት ልዑካን ሆነው ለሚከራከሩበት ውድድር፣ አገር በዕጣ ሲከፋፈል ሁሌም የማየው ነገር አለ። አሜሪካ የደረሰው ይፈነድቃል። ሩሲያና ቻይና የወጣላቸውም አይከፋቸውም። ፊሊፒንስ ወይም ጓቲማላ የደረሰው ልጅ ግን ፊቱ ጭፍግግ ይላል። «ቲቸር፣ ይቀየርልኝ» ይላል። አልቀይርለትም። የክርክር ክበባችንን ሳሠለጥን ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የማነሳለት አንድ ሰው አለ፤ ፊሊፒናዊው ካርሎስ ሮሙሎ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሮሙሎ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ ወታደር፣ ፖለቲከኛና ዲፕሎማት ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የመሰለውን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነበር። በ1949 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ከእስያ የመጀመሪያው ነው። አገሩ ከአሜሪካ ነጻ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። እሱ ደግሞ ቁመቱ አጭር ነው። ከመድረኩ ላይ እንዲታይ ወፋፍራም የኒውዮርክ የስልክ ማውጫዎች ደራርቦ ይቀመጥባቸው ነበር ይባላል። ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ተደመጠ?

ከመናገራችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁ። ሮሙሎ በ1941 በጋዜጠኝነቱ ከሆንግ ኮንግ እስከ ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ጃካርታ፣ እየዞረ በቅኝ የተገዙትንም ገዢዎቹንም አነጋገረ። የጻፋቸው ዘገባዎች በ1942 ታላቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ፑሊትዘርን አስገኙለት። በኋላ ስለ ቅኝ አገዛዝ ሲናገር በዓይኑ ያየውን ነበር የሚናገረው። እናንተ እስያን መዞር አይጠበቅባችሁም። ርዕሳችሁ በሰው አገር የሚሠሩ ሴቶች ከሆነ ግን ከኢንተርኔት ከመገልበጣችሁ በፊት ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የተመለሰች የሰፈራችሁን ሰው ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ፊሊፒናውያንም በእነዚሁ ከተሞች፣ በዚያው ሥራ ላይ አሉ። ርዕሱ የሁለታችንም ነው።

ቀጥሎ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ልጆቼን በጣም የማስቸግራቸው እዚህ ላይ ነው። «ዓለም ለታዳጊ አገሮች ትኩረት ይስጥ» የሚል ይዘው ይመጣሉ። ይህ ምኞት ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። «በረቂቁ አራተኛ አንቀጽ ‹ይበረታታሉ› የሚለው ‹ግዴታ አለባቸው› ተብሎ ይስተካከል» ካላችሁ ግን ሰብሳቢው ድምፅ ሊያሰጥበት ይችላል።

ሮሙሎ ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቻርተሩ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት መመሥረቻ ሰነድ፣ ሲረቀቅ ቅኝ ገዢዎቹ «ራስን በራስ ማስተዳደር» በሚለው ላይ መቆም ፈለጉ። እሱና ጥቂት ሌሎች ልዑካን «ነጻነት» የሚለው በግልጽ ይጻፍ ብለው ሙጭጭ አሉ። ቻርተሩን አውጡና አንቀጽ 73ን እና አንቀጽ 76ን ጎን ለጎን አንብቡ። ስለ ሞግዚት አስተዳደር (ሌላ አገር በተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪነት ስለሚያስተዳድራቸው ግዛቶች) በሚናገረው 76 ላይ ነጻነት ተጽፏል። ስለ ሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች በሚናገረው 73 ላይ ግን የለም። የድርድሩ ትግል እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ይነበባል። እኔ ሁለቱን አንቀጾች በአንድ ገጽ አትሜ ለሁሉም አድላለሁ፤ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የሚገባቸው ይኼ ነው። ግማሽ ድልም ቢሆን የተጻፈ ድል ነው።

ስለ ተባበሩት መንግሥታት ዓርማም የሚነገር ታሪክ አለ። ሮሙሎ ዓርማው ላይ ያለውን የዓለም ካርታ አየና ፊሊፒንስን አጣት። በጣም ትንሽ ስለሆነች ብትገባም ነጥብ ብቻ ነው የምትሆነው አሉት። ነጥቧን እፈልጋለሁ አለ። ነጥቧም ገባች ይባላል። ስለ ታላቅነትና ስለ ክብር ንግግር አላበዛም። የጠየቀው አንዲት ነጥብ ነው፤ ያን ያህል ትንሽ ነገር ደግሞ እምቢ ለማለት ያሳፍራል።

ስትሰደቡ ምን ታደርጋላችሁ? የሶቪየቱ ዲፕሎማት ቪሺንስኪ ሮሙሎን የትንሽ አገር ትንሽ ሰው ብሎ ዘለፈው ይባላል። ሮሙሎ ስድብ አልመለሰም። ትንሽነቱንም አልካደም። ጎልያዶች ሲደነፉ የእውነትን ጠጠር መወርወር የትናንሽ ዳዊቶች ግዴታ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ዳዊትን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው እኛ ይህ መልስ እስከ የት እንደሚዘልቅ አይጠፋንም። ሰውየው የሰደበበትን ነገር ተቀብሎ ሥራ አደረገው።

ይህ ልምምድ ይጠይቃል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ አገራችሁን ይናቅ፤ ሌላው በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሶ ወዲያው ወደ አጀንዳው ይግባ። ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ከጨመረ ተናዷል ማለት ነው፤ እንደገና ይጀምር። ሮሙሎም ቢሆን ምላሱ እንዲሁ የተሳለ አልነበረም። በ1928 የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ተከራካሪዎችን ይዞ አሜሪካን ዞሯል። የክርክሩ ርዕስ የራሳቸው የፊሊፒንስ ነጻነት ነበር። በገዢዋ አገር፣ በገዢዋ ቋንቋ፣ በገዢዋ ሕዝብ ፊት! እንደ አሠልጣኝ ይህችን ነገር ሳስባት ሁሌም ልቤ ይሞቃል።

ለወዳጅም መራሩን መናገር ያስፈልጋል። በ1955 በኢንዶኔዥያዋ ባንዱንግ፣ ኢትዮጵያም በተገኘችበት የእስያና የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ፣ ሮሙሎ የነጮችን ዘረኝነት አወገዘ፤ ከዚያ ዞር ብሎ እኛም በተራችን ዘረኞች እንዳንሆን አለ። የኮሙኒስቷ ቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ እዚያው ተቀምጦ እያለ ኮሙኒዝምንም አልማረም።

አሁን ከባዱ ነገር። የምትናገሩት በማን አፍ እንደሆነ እወቁ። ኅዳር 1947 ፍልስጤምን ለሁለት የመክፈል ዕቅድ ሲቀርብ ሮሙሎ በጉባኤው ላይ አጥብቆ ተቃወመ። ንግግሩ በ26 ነው። ድምፅ የተሰጠው በ29። በሦስት ቀን መካከል ከዋሺንግተን ግፊት መጣ፣ ማኒላ መመሪያዋን ለወጠች፣ ፊሊፒንስም ስሟ ሲጠራ «እደግፋለሁ» አለች። ውጤቱ 33 ድጋፍ፣ 13 ተቃውሞ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ከአሥሩ ተአቅቦ አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ይህን ክበባችን ውስጥ በተግባር እንሠራዋለን። አንድ ልጅ ግሩም ንግግር አድርጎ ሲቀመጥ ከዋና ከተማው የመጣ ብጣሽ ወረቀት እሰጠዋለሁ፤ «አቋማችን ተለውጧል» ይላል። አብዛኞቹ ክው ይላሉ። አንዳንዷ ታለቅሳለች። መድኃኒቱ አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ንግግሩን ስትጽፉ መንግሥታችሁ በምን በኩል ሊጎተት እንደሚችል እወቁ፦ ዕዳ ያለበት ለማን ነው? ጦር ሰፈር የሰጠው ለማን ነው? ስንዴ የሚገዛው ከማን ነው? መመሪያው ከተለወጠም ትናንት ያላችሁትን እንዳላላችሁ አታስመስሉ። ድምፁን ስጡ፣ መመሪያ መሆኑን በጨዋ አነጋገር አስመዝግቡ፣ ቁጭ በሉ።

ሰብሳቢ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የራስን ሐሳብ መዋጥ ግድ ነው። የእኛ የአፍሪካ ቀንድ ጉዳይ ሳይቀር በሮሙሎ መዶሻ ሥር አልፏል። ሊቢያ ነጻ እንድትወጣ፣ ሶማሊያ ለአሥር ዓመት በጣሊያን ሞግዚትነት እንድትቆይ፣ ኤርትራን የሚያጣራ ኮሚሽን እንዲላክ የወሰነው የኅዳር 21 ቀን 1949 ውሳኔ የጸደቀው እሱ ፕሬዚዳንት በነበረበት ጉባኤ ነው። ሰብሳቢ የምትሆኑ ልጆች ያንን ውሳኔ ፈልጋችሁ አንብቡ።

በመጨረሻ፣ የምትወክሉትን አገር ነውር ሌላው ሳያነሳባችሁ እናንተ አውቃችሁ ግቡ። የሮሙሎም አለ። በ1948 ጄኔቫ ላይ ስለ መረጃ ነጻነት የተደረገውን የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የመራው እሱ ነው። በ1972 የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ማርቆስ ወታደራዊ አስተዳደር አውጆ የማኒላን ጋዜጦች ሲዘጋ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይኸው ጋዜጠኛ ነበር። ሥልጣኑን የለቀቀው በ1984 ነው። አገሩን ከውርደት ለማዳን ነው የሚሉለት አሉ። እኔ ግን ስለዚያ ዝምታ ልከራከርለት አልችልም። እወደዋለሁ፤ ያሳዝነኛልም።

ስለዚህ ፊሊፒንስን ይዛችሁ ስለ ፕሬስ ነጻነት ልትናገሩ ከሆነ 1972 እንደሚነሳባችሁ ቁርጡን እወቁ። ጥያቄውን ራሳችሁ በጣም ከባድ አድርጋችሁ ጻፉት። መልሱን ከሥሩ ጻፉ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ ወረቀቱን ክበቡ ውስጥ በጣም ለምታፋጥጣችሁ ልጅ ስጧትና ተነሥታችሁ ፊቷ ቁሙ።