ከደብረ ብርሃን ሆኖ የአንኮበርን የጋራ ጉዞ በቴሌግራም እንዴት መሸጥ ይቻላል?

በኢንተርኔት ስለሚሠራ ገንዘብ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የውጭ ደንበኛንና የዶላር ሒሳብን ታሳቢ ያደረገ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና ተቀምጦ ለሚጀምር ሰው ግን ቅርቡ ደንበኛ አዲስ አበባ ነው ያለው። መኪና የሌለው፣ ብቻውን ኮንትራት መያዝ የማይችል፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከከተማ ወጣ ማለት የሚፈልግ ደመወዝተኛ ብዙ ነው። ለእሱ ወጪውን ከሌሎች ጋር ማካፈል፣ ለእርስዎ ደግሞ ያንን ማስተባበር ሥራ ሊሆን ይችላል። መነሻው ስልክ፣ የአንድ ጉዞ ኪሳራ የሚሸፍን ገንዘብና አካባቢውን ማወቅ ነው።

አንድ መስመር ብቻ ይያዙ

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ገና ከመነሻው ላሊበላንም ባሌንም በማስተዋወቅ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለደርሶ መልስ የሚመቸው አንኮበር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታሪኩም ራሱን ይሸጣል፤ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የነገሡበት ከተማ ነው። በመንገድ ላይ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት የአንጎለላ አካባቢ ይታለፋል፤ እርስዎ ይህን በመኪና ውስጥ ቢያወሩት ለተጓዡ አንድ ተጨማሪ መዳረሻ እንደማለት ነው፣ ወጪ ግን የለውም።

ጣርማ በርና ጭላዳዎቹ ሁለተኛ መስመር ይሁኑ። መንዝ ጓሳን ግን ለጊዜው ይተዉት። በቀን ደርሶ መመለስ አይቻልም፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊቱ ብርድ ውርጭ ያወርዳል፤ ብርድ ልብስ ያልበቃው ተጓዥ ስለ ቀይ ቀበሮው ሳይሆን ስለ ብርዱ ነው ቻናልዎ ላይ የሚጽፈው።

ማስታወቂያ ከመልቀቅዎ በፊት ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ወደ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ጉዞ ማዘጋጀት ከንግድ ፈቃዱ ሌላ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ዘርፍ ነው። ፈቃዱን ለማውጣት አቅም ከሌለዎት ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ጋር በኮሚሽን ይስማሙ፤ እርስዎ ሰው ያሰባስባሉ፣ ደረሰኙ በእነሱ ይቆረጣል።

ዋጋውን ከመኪናው ጀምረው ያስሉ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ በእነሱ ምትክ በዚያ ሳምንት ደውለው ያገኙትን ዋጋ ይተኩ። 14 ሰው የሚጭን መኪና ይዘዋል እንበል። አንዱ ወንበር የእርስዎ፣ አንዱ የአስጎብኚው ነው። ለሽያጭ 12 ቀረ።

ሰው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጥ ወጪ፦ መኪና ከነዳጅና ከሾፌር አበል ጋር 13,000፣ አስጎብኚ 1,300፣ የሾፌር፣ የአስጎብኚና የእርስዎ ምግብ 1,200፣ የስልክና የማስታወቂያ 500። ድምሩ 16,000 ብር። በሰው የሚጨምረው ደግሞ ቁርስ፣ ምሳና መግቢያ፣ 500 ብር።

አንድ ወንበር 2,500 ብር ቢሸጡ ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። 12 ሰው ከሞላ 8,000 ብር ይተርፋል። 10 ሰው ከመጣ 4,000። 8 ሰው ሲሆን ትርፍም ኪሳራም የለም። 7 ሰው ከመጣ 2,000 ብር ከኪስዎ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ውሳኔ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከ8 ሰው በታች ቀብድ ከከፈለ ጉዞው ይሰረዛል። ይህን ሕግ ማስታወቂያው ላይ ይጻፉት፤ ተጓዡ ራሱ ጓደኛ እየጠራ መኪናውን የሚሞላልዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመኪናው ወጪ ነው። «ከነዳጅ ጋር» ሲባል ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለውን ዳገትና ጠመዝማዛ እንደሚጨምር፣ ሾፌሩ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ መኪናው ቢበላሽ ተተኪውን ማን እንደሚያመጣ በጽሑፍ ይስማሙ። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን በዐይንዎ ይዩ። ከአቅም በላይ ጭኖ ወንበር መጨመር የሚያስገኘው ትርፍ ትራፊክ ፖሊስ እስኪያስቆም ድረስ ብቻ ነው።

ቻናሉና ቀብዱ

ቲክቶክ ሰው ያመጣል፣ ቴሌግራም ያቆያል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሆነ የአንኮበር ገደል ወይም የጭላዳ መንጋ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ይልቀቁ፣ ዋጋና ቀን ግን ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይሁን። ቻናሉ አናት ላይ ፒን የሚደረገው ጽሑፍ ቀኑን፣ መነሻ ቦታውን፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ ዋጋው ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት፣ የስረዛ ሕጉንና የሚለበሰውን ልብስ መያዝ አለበት። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ተዉ፤ ገንዘብ ቆጥቦ የሚጓዝ ሰው ዋጋ ካላየ ያልፋል።

ቀብድ የዋጋው ግማሽ፣ 1,250 ብር ይሁን። 200 ብር ቀብድ የከፈለ ሰው ጠዋት ዝናብ ካየ አልጋው ውስጥ ይቀራል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ይሄዳል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል፤ እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ ያስፈልጋል። በስክሪን ሾት የተላከ ደረሰኝ ክፍያ አይደለም። ስሙንና መጠኑን በስልክ መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በተለይ ዓርብ ማታ፣ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጽፍልዎት፣ ሳያጣሩ «ገብቷል» ማለት ቀላል ነው። የግብይት ቁጥሩን ይቀበሉ፣ የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ያመሳክሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የወንበር ቁጥር ይላኩ። ለዚህ ሥራ የተለየ ሒሳብ መክፈትም ግድ ነው፤ ቀብዱ ከቤት አስቤዛ ጋር ከተደባለቀ ጉዞ ሲሰረዝ የሚመለስ ገንዘብ ያጣሉ።

ምዝገባው በስልክ ኤክሴል ይበቃል፦ ስም፣ ስልክ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ የሚሳፈርበት ቦታ፣ ጾም ወይስ ፍስክ፣ የከፈለው፣ የቀረበት። አራተኛውና አምስተኛው ዓምድ ትንሽ ይመስላሉ፣ ቀኑን የሚያድኑት ግን እነሱ ናቸው።

የስረዛ ሕግ ሦስት መስመር ነው። ተጓዡ እስከ ረቡዕ ከቀረ ሙሉ ገንዘቡ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከቀረ ወንበሩን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፣ ገንዘብ ግን አይመለስለትም። አዘጋጁ ከሰረዘ ሁሉም በ48 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል።

የጉዞው ሳምንት

የመንገዱ ጸጥታ በሳምንት ውስጥ ሊለዋወጥ ይችላል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና የዋዜማው ማታ ሦስት ሰው ጋ ይደውሉ፦ በመስመሩ የሚመላለስ ሾፌር፣ አንኮበር ያለው አስጎብኚና የአካባቢው መስተዳድር። ከሦስቱ አንዱ ካመነታ ይሰርዙ። የሚመልሱት ቀብድ እንጂ የሚያጡት ቻናል አይሆንም።

ሰዓቱ ላይ አይለመኑ። ከመገናኛ 12 ሰዓት ይነሡ፣ ለዘገየ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ መኪናው ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ከ2፡30 እስከ 3 ሰዓት ባለው ይገባሉ። ቁርሱን ግን ዋዜማውን በስልክ አስይዘው፣ የጾሙንና የፍስኩን ቁጥር ነግረው ይደሩ። ይህ ካልሆነ 13 ሰው ቁጭ ብሎ አንዱ ፍርፍር፣ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ «የጾም ምን አላችሁ?» እያለ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ ያ የጠፋ ሰዓት አንኮበር ላይ ከጉብኝቱ ይቀነሳል፣ ወይም ማታ ጨለማ ውስጥ ያስገባችኋል። ከደብረ ብርሃን 3፡30 ከተነሣችሁ አንኮበር ከ5 ሰዓት በፊት ትደርሳላችሁ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ለመውጣት የሚፈጀውን ጊዜ ሲያስሉ በጣም ዝግተኛውን ሰው ታሳቢ ያድርጉ። ምሳ 7 ሰዓት፣ መልስ 8፡30።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ብዙ ላይሰማው ይችላል፤ ከአዳማ ወይም ከአዋሽ የመጣ ግን ራሱን ሊያመው ይችላል። ውኃ፣ ጋቢ ወይም ጃኬት፣ መኪና ለሚያስመልሰው ደግሞ ፌስታል ይያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉም ገደሉን ሙሉ ቀን ሊሸፍነው ይችላል፤ በእነዚያ ወራት «ዕይታው» ብለው አይሽጡ። በበልግ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ድንገተኛ ዝናብ አለ። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

አስጎብኚውን ከዚያው ከአንኮበር ይቅጠሩ። ካፒቴን ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ስለተፈራረመው ውል ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ የትኛው ድንጋይ የየትኛው ግንብ ቅሪት እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ በዝናብ እንደሚያንሸራትት የሚያውቀው ግን እዚያ ያደገ ሰው ነው።

ገንዘቡ ወዴት ይሂድ

በወር ሁለት ጉዞ፣ በዓመት ሰባት ወር ብቻ፣ በአማካይ 10 ሰው ይዘው ቢሠሩ 14 ጉዞ በ4,000 ተባዝቶ 56,000 ብር ነው። ለ12 ወር ሲካፈል 4,700 ብር እንኳ አይሞላም፤ ግብሩም ገና አልተነሣለትም። ደመወዝ ትቶ የሚገባበት ሥራ አይደለም፣ በመጀመሪያው ዓመት በፍጹም። ከመጀመሪያዎቹ ትርፎች 6,000 ብር፣ ማለትም የሦስት ባለ 7 ሰው ጉዞ ኪሳራ፣ እስኪጠራቀም አንድ ብርም አይንኩ። ቀጥሎ የቤት ወጪዎን የሦስት ወር መጠባበቂያ ይሙሉ። በውጭ አገር የዓመት ወጪን 25 እጥፍ አጠራቅሞ በዓመት 4 በመቶ እያወጡ መኖር የሚባል ስሌት አለ፤ የተሠራው በአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ታሪክ ላይ ነው። የዋጋ ንረቱ ከቁጠባ ወለዱ ለዓመታት በላቀበት አገር ብሩን ባንክ አስቀምጦ በዚያ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ መጠባበቂያው ከሞላ በኋላ የሚተርፈውን መኪና የማይፈልግ ሽያጭ ላይ ያውሉት።

ከእነዚህ ቀላሉ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሚሸጥ የአንኮበር መመሪያ ነው፤ ከ12 እስከ 15 ገጽ የሆነ ፒዲኤፍ፣ 100 ብር። የሚከፈልበት ምክንያት ፎቶ አይደለም። መናኸሪያው ላይ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማደሪያው ስንት እንደሚያስከፍል፣ የትኛው ምግብ ቤት ረቡዕና ዓርብ የጾም እንደሚያቀርብ፣ የአስጎብኚው ክፍያ ስንት እንደሆነ ነው። ፒዲኤፍ በአንድ ቀን መቶ ሰው ጋ ይተላለፋል፤ የቴሌግራሙ «ማስቀመጥ ከልክል» የሚለው ቅንብር ይቀንሰዋል እንጂ አያስቆመውም። የሚያዋጣው በየሦስት ወሩ ዋጋዎቹን እየደወሉ ማደስ፣ በሽፋኑ ላይ ወሩን መጻፍና አንዴ ለገዛ ሰው እድሳቱን በነጻ መላክ ነው። የተሰረቀው ቅጂ ያረጀ ዋጋ ይዞ ይቀራል።