«ሴፕቴምበር ሊገባ ነው፣ ልሽጥ?» ለምትሉኝ ሁሉ

ኦገስት ሲያጋምስ «ሴፕቴምበር ላይ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ይወርዳል ይባላል፣ አክሲዮኔን ልሽጥ?» የሚለው ጥያቄ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አሜሪካ ያሉ ልጆች ናቸው፣ ከሥራ መልስ በስልካቸው ትሬድ የሚያደርጉ። ጎበዞች ናቸው፣ ስለምወዳቸውም ነው የምቆጣው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በጣም የሚያናድደኝ ስህተት አማካይን እንደ ትንበያ መያዝ ነው። አዎ፣ ከ1928 ወዲህ ባለው የኤስ ኤንድ ፒ 500 (የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ በአንድ ላይ የሚለካው ጠቋሚ) መረጃ ሴፕቴምበር በአማካይ ከወራት ሁሉ የከፋው ነው። ግን አማካዩ ከየት መጣ? በ1931 ሴፕቴምበር ብቻ ገበያው 30 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ 2002 እና 2008ም ክፉኛ ጎትተውታል። ዓመቶቹን አንድ በአንድ ብትቆጥሩ ገበያው የወረደባቸው ሴፕቴምበሮች ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም ያልተሻለ ነገር ይዛችሁ ነው የቤት ኪራያችሁን «ይወርዳል» ብላችሁ ኦፕሽን ላይ የምታፈሱት! ኦፕሽን፣ ማለትም አክሲዮንን በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት፣ ደግሞ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ መውረዱን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚወርድም ማወቅ አለባችሁ። በ2024 ሴፕቴምበር ገበያው 2 በመቶ ገደማ ወጣ። በ2025ም ከ3 በመቶ በላይ ወጣ። እባካችሁ ተዉ።

«ሜይ ላይ ሽጠህ ውጣ» የሚለውም አለ። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ በአማካይ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ካለው ያነሰ ትርፍ ነው የሚሰጠው። ያነሰ ትርፍ ማለት ግን ኪሳራ ማለት አይደለም። አንድ ወዳጄ በ2020 ማርች ላይ በርካሽ የገዛውን ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ጠቅልሎ ሸጠ። ጊዜው ኮቪድ ስለነበር ሁላችንም ልክ ነው ብለን ነበር። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ግን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሌላ 12 በመቶ ገደማ ጨመረ። በዚያ ላይ አክሲዮኑን ዓመት ስላልያዘው ያገኘው ትርፍ እንደ ደሞዝ ተቆጥሮ ታክስ ተቆረጠበት። ታክሱን ሳያሰላ በወር ስም የሚሸጥ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍለው።

ሰኞ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ የቆየ ወሬ ነው። የፋይናንስ ተመራማሪው ኬኔት ፍሬንች በ1980 ባሳተመው ጥናት ከ1953 እስከ 1977 የሰኞ አማካይ ከዜሮ በታች እንደነበር አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ነገሩ ደክሟል። ያኔም ቢሆን መጠኑ ከአንድ በመቶ አንድ አምስተኛ አይሞላም ነበር፤ በየሳምንቱ ስትገዙና ስትሸጡ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እሱን ይበላዋል።

ጃንዋሪ ላይ ገበያው ይወጣል የሚባለው በዋናነት የትናንሽ ኩባንያዎች ነገር ነበር፤ አፕልን በእሱ አትግዙ። ዲሴምበር ደግ ወር ነው ለምትሉ ደግሞ በ2018 ዲሴምበር ኤስ ኤንድ ፒ 500 9 በመቶ ወርዷል።

ራሳችሁ መረጃ አውርዳችሁ የምትፈትሹ፣ እናንተን አደንቃለሁ። ግን 12 ወር፣ 5 ቀን፣ የበዓል ዋዜማ፣ የወር መጨረሻ እያላችሁ በገበያው ላይ ምንም ውጤት የሌላቸውን 100 ነገሮች ብትሞክሩ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መለኪያ (ከመቶ አምስት ጊዜ በአጋጣሚ መሳሳትን በሚፈቅደው) አምስት ያህሉ በአጋጣሚ «ይሠራሉ»። የገበያ መረጃ ተመራማሪው ዴቪድ ላይንዌበር የባንግላዴሽ የቅቤ ምርት ከኤስ ኤንድ ፒ 500 ጋር አብሮ ሲሄድ ያሳየው ይህንኑ ለማስጠንቀቅ ነው። ያገኛችሁትን ባላያችሁት ዓመት ላይ ፈትኑት። ምክንያቱንም ጠይቁ፤ ማን፣ ለምን፣ በዚያ ቀን ይሸጣል?

አሁን ደግሞ ይህንኑ ወደ አዲስ አበባ ይዞ መሄድ ተጀምሯል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 ጃንዋሪ ነው የተከፈተው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። «መስከረም ላይ ይወጣል ወይ?» ለማለት የሚያበቃ ታሪክ የለውም። እዚያ የሚታወቁ ቀኖች አሉ፦ የባንኮች በጀት ዓመት በሰኔ ወር ይዘጋል፣ የትርፍ ድርሻ የሚወሰነው ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ ነው። ከጉባኤው በፊት የሂሳብ ሪፖርቱን አንብቡ።